ገጹ እንዳይዘጋ

የገጠሩ ሰው ጉዳዩን ከተማ ድረስ ሳይንከራተት በኢንተርኔት እንዲጨርስ የተከፈተው ማዕከል በየገበያው ቀን በሩ ሳይከፈት አንዲት እናት ደጁ ላይ ይገኛሉ። ሁለት ወንዝ ተሻግረው ነው የሚመጡት። የጫማቸውን ጭቃ ጠርገው፣ የሻሻቸውን ቋጠሮ ጠበቅ አድርገው ይገባሉ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው ወጣት ጉዳያቸውን ያውቀዋል፤ የሞት ምዝገባ ነው።

«ዛሬስ እንጨርሰው እናቴ?»

«እስቲ መጀመሪያ ክፈታት።»

የልጃቸውን የመታወቂያ ቁጥር በቃላቸው ይነግሩታል። ፊደል ባይቆጥሩም አንዲት ቁጥር ስተው አያውቁም። ገጹ ሲከፈት ልጅቷ ብቅ ትላለች፤ ለመታወቂያ ፎቶ ስትነሳ ሳቋ አምልጧት ከንፈሯን ነክሳለች። በዕድሜዋ ሌላ ፎቶ አልተነሳችም። አንዴ ወጣቱ አትሞ ቢሰጣቸው፣ ያረጀው ማተሚያ ፊቷን ጥላሸት ቀብቶ አወጣው። «ይቺ የኔ አይደለችም» ብለው መለሱለት።

ገጹ ካልተነካ በሁለት ደቂቃ ይዘጋል። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ «ነካ አድርጋት ልጄ» ይሉታል። ማውዙን ነካ ያደርጋል። ቆይተው ደግመው ይሉታል፤ ደግሞ ይነካል።

ሞቷ ሲመዘገብ ፎቶው ከገጹ እንደሚጠፋ የነገራቸው እሱ ራሱ ነው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው እያለ እስካሁን ይጸጸታል።

በመጨረሻ ጉልበታቸውን ይዘው ይነሳሉ። «ዛሬ መሸብኝ ልጄ፤ ለሚመጣው ሳምንት እንጨርሳለን።»

በግድግዳው ሰዓት ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።

«እውነትዎን ነው እናቴ፣ መሽቷል» ብሎ እስከ በሩ ይሸኛቸዋል።