ሳጥኑን ለምዷል

እህቴን ዋሽቻታለሁ። አንድ ጊዜ ቢሆን በተረሳ ነበር። እኔ ግን ሦስት ወር ሙሉ፣ ስልክ በደወለች ቁጥር ዋሽቻታለሁ። የዋሸኋት ስለ ውሻዋ ነው። ለውሻ ይህን ያህል ምን ያስጨንቅሃል የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ እኔም ያኔ እንደዚያ እል ነበር።

ታናሽ እህቴ አላገባችም፣ አልወለደችም። እዚሁ ባሕር ዳር ኮሌጅ ታስተምር ነበር። ውሻውን ከኮሌጁ ጀርባ ካለ ቦይ ውስጥ አንሥታ፣ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በጡጦ ነው ያሳደገችው። ቡኒ፣ አንድ ጆሮው የወደቀ፣ መልከ ጥፉ ውሻ ነው። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ይዛው ስትወጣ ወደ ዘጌ የሚሄዱትን ጀልባዎች ይጮህባቸዋል፤ ጀልባው ሲርቅ ያባረረው እሱ ይመስለዋል። ሰባት ዓመት አብረው ኖሩ። ጀርመን አገር ሥራ ስታገኝ “ያለ እሱ አልሄድም” አለች። ሁላችንም ሳቅንባት።

ለካ የውሻ ጉዞም እንደ ሰው ቪዛ ያስለፋል! ከቆዳው ሥር ማንነቱን የሚያሳይ ቺፕ ተቀበረለት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተከተበ፤ ደሙ ተቀድቶ ለምርመራ ውጭ አገር ተላከ። ውጤቱ ጥሩ ሆነ፤ ነገር ግን ደሙ ከተቀዳ ሦስት ወር ሳይሞላው አይገባም ተባለ። የእህቴ ሥራ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ እሷ በጥምቀት ማግስት ሄደች፤ ውሻው ዓባይ ማዶ እኔ ቤት ቀረ። ከእሱ ጋር አንድ ትልቅ የጉዞ ሳጥንና በእጇ የጻፈችውን መመሪያ ሰጠችኝ።

መመሪያው ግልጽ ነበር። መጀመሪያ በሩ ክፍት እንደሆነ ምግቡን እሳጥኑ ውስጥ ይብላ። ቀጥሎ እየበላ በሩ ይዘጋበት። ከዚያ ቀን በቀን ጊዜው እየተጨመረ፣ ተዘግቶበት ሌሊቱን ሙሉ እስኪያድር ድረስ።

“ወንድምዓለም፣ አደራህን” አለችኝ። “እዚያ ጨለማ ውስጥ ብቻውን ነው የሚጓዘው። ሳጥኑን ካለመደው ይሞትብኛል።”

“እሺ” አልኋት። እሺ ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ሰው ፊት እምቢ ብዬ አላውቅም።

በመጀመሪያው ቀን ሞከርሁ። በሩን ስዘጋበት አፍንጫውን በሽቦው አሾልኮ አለቀሰ። አላስቻለኝም፤ ወዲያው ከፈትሁለት። በማግስቱ ደግሞ ጎረቤቴ በአጥር ላይ አየኝና “ለውሻ ትምህርት ቤት ከፈትህ እንዴ?” ብሎ ሰፈሩን አሳቀብኝ። ሦስተኛ ቀን አልነበረም። ለእንስሳው አዝኜ ነው እያልሁ ራሴን አሞካሸሁ እንጂ፣ እውነቱ ስንፍናና ሀፍረት ነበር።

እህቴ ስትደውል የመጀመሪያ ጥያቄዋ “ሳጥኑን እየለመደ ነው?” ነው። “በደንብ!” አልኋት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ከ“በደንብ” ወደ ኋላ መመለስ አይቻልምና በሌላ ጊዜ “አሁንማ ራሱ ገብቶ ይተኛል” አልሁ። ደስታዋ በስልኩ ይሰማኝ ነበር።

በጾሙ አጋማሽ ለፋሲካ የሚሆኑ ዶሮዎች ሳይወደዱ ገዛሁ። ማሳደሪያ አልነበረኝም። ሳጥኑን ሳየው የሽቦ በር አለው፣ አየር ያስገባል፣ ይቆለፋል፤ ለዶሮ የተሠራ ነው የሚመስለው። ዶሮዎቹን አስገባኋቸው። ባለቤቴ “አንተ ሰውዬ፣ ይህች ልጅ እኮ አምናህ ነው የሄደች” አለችኝ። “ገና ጊዜ አለ” ብዬ ዝም አሰኘኋት።

አንድ ቀን እህቴ ቪዲዮ ላክልኝ አለች። ዶሮዎቹን አውጥቼ ቅርጫት ደፋሁባቸው፤ ሳጥኑን በዱቄት ሳሙና አጠብሁ። ጾም ስለሆነ ቤት ውስጥ ሥጋ የለም፤ የተጠበሰ ዓሣ ከሳጥኑ ጥግ አኖርሁለት። ውሻው ሰተት ብሎ ገባ። በሩን ገፋ አድርጌ እስክዘጋ ቀረጽሁ፤ ቀረጻውን እንዳቆምሁ ከፈትሁለት። ለዚያ ተንኮል የደከምሁትን ያህል ለማለማመዱ በደከምሁ ኖሮ! እህቴ ቪዲዮውን አይታ አለቀሰች፤ መረቀችኝም።

ፋሲካ አለፈ፤ ሳጥኑም ባዶ ሆነ። ከዚያ በኋላ እንኳ እስከ ጉዞው ዐሥር ቀን ነበረኝ። ያኔም አልጀመርሁም። ዐሥር ቀን ብዙ ነበር።

አየር ማረፊያው ስንደርስ የሳጥኑን በር ስከፍትለት ወዲያው ገባ። ዓሣ ያለ መስሎት ነው። ጥጉን አሸተተና ዞር ብሎ አየኝ፤ እኔም ቆለፍሁበት። ያን ጊዜ ማልቀስና መቧጠጥ ጀመረ። ጭነት የሚቀበለው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ተመለከተው።

“ጋሼ፣ ሳጥኑን ለምዷል?” አለኝ። “ፍራንክፈርት እስኪደርስ ነገ ጠዋት ይሆናል። ካለመደ ዛሬ ይመልሱት፤ በሚመጣው ሳምንትም እንጭነዋለን።”

አንድ ሳምንት ተሰጠኝ። ነገር ግን እህቴ ልትቀበለው ፈቃድ ወስዳለች፤ ለምን ቀረ ብትለኝ ምን እላታለሁ? “ለምዷል” አልሁት። “ስንለያይ ከፍቶት ነው።”

በማግስቱ እህቴ እያለቀሰች ደወለች። ሁለት የፊት ጥርሶቹን በሽቦው ሰብሯል፤ ጥፍሮቹ ተነቅለው ሳጥኑ ደም በደም ሆኗል። ሕይወቱ ግን ተርፏል። ሞቶ ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት እናዘዝ ነበር ብዬ አስባለሁ። እሷ ግን እንዲህ አለችኝ፦ “ላከመው የእንስሳት ሐኪም ሦስት ወር እንደተለማመደ ስነግረው፣ ‘ባይለምድማ በሕይወት አይደርስም ነበር’ አለኝ። ወንድምዓለም፣ አንተ ነህ ያተረፍህልኝ።”

“ምን አደረግሁና” አልኋት።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ውሻው ዛሬም በር የሚዘጋበት ነገር ውስጥ አይገባም። መኪና አይገባም፤ ሊፍት አይገባም። እህቴ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉልበቷን እያመማት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ከእሱ ጋር ደረጃውን ትወርዳለች፣ ትወጣለች። ይህን እየሳቀች ነው የምትነግረኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ዘንድ ግን እያደር ምስጋናው እየበዛ፣ እውነቱን መናገር እየከበደ ሄደ።

በቀደም የማላውቃት ሴት ደወለችልኝ። ከጎንደር ናት፤ ከውሻዋ ጋር ወደ ካናዳ ልትሄድ ነው። “ስልክዎን እህትዎ ናቸው የሰጡኝ” አለችኝ። “እንደ እርስዎ የሚያለማምድ የለም ብለውኛል። እባክዎ፣ እንዴት አድርገው ነው ያስለመዱት?”

“አላስለመድሁትም” አልኋት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሁሉንም ነገርኋት፤ ዶሮዎቹን፣ ዓሣውን፣ ጭነት ተቀባዩን። ዛሬውኑ ጀምሪ፣ ቢያለቅስም አትተይው አልኋት።

ሴትዮዋ “እህትዎ ያውቃሉ?” አለችኝ።

“አታውቅም።”

“ያሉኝን ልነግራቸው ቃል ገብቼላቸው ነበር። ምን ልበላቸው?”

“መጀመሪያ እኔ ልንገራት። ሁለት ቀን ታገሽኝ” አልኋት።

ዛሬ ሁለተኛው ቀን ነው።