ትኩስ ሻይ በሳፋ ውሃ ላይ

ጂኦግራፊ ሳስተምር የውቅያኖስን ነገር የማሳየው በሰፊ ሳፋ ነበር። ሳፋውን በቀዝቃዛ ውሃ እሞላና ትኩስ ሻይ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ እያደረግሁ አፈስበታለሁ። ሻዩ ከላይ ይንሳፈፋል። አንድ ተማሪ ከወዲህ እፍ ሲል ወደ ማዶ ይጠራቀማል፤ ትንፋሹ ሲያጥረው ሻዩ ይመለሳል። ፓስፊክ ውቅያኖስም እንዲሁ ነው። ንፋሱ የሞቀውን ውሃ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ያከማቻል፤ ሲላላ ሙቀቱ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፤ በዚያ ዓመት የእኛም ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል። ይህ በየጥቂት ዓመቱ ይመላለሳል፤ ከዚያ የረዘመ፣ አንድ ትውልድ የሚፈጅ ዙርም አለ እላቸው ነበር።

ጂኦግራፊ አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ሰው በመስኮት ቆሞ ያይ ነበር። አምቦ ውስጥ የታመመች እናት እንዳለችኝ፣ ከእኔ ሌላ ጧሪ እንደሌላት ያውቃል፤ ቤታችን ተቀምጦ ምሳ በልቷል። በውይይት ክበብ ላይ ተነሳ።

«ጓድ መምህርት ድርቅን ያመጣው ፊውዳሉ ሳይሆን ንፋስ ነው እያለች ታስተምራለች። ነገ ደግሞ ረሃቡ የሻይ ጥፋት ነው ትለናለች!»

ተሳቀ። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ።

«የተናገርኩት ስለ ዝናብ ነው፤ ዝናብ ባላባት አያውቅም» አልኩ።

ከአምቦ ርቃ ወደምትገኘው ካቺሲ ተዛወርኩ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊነት ለእሱ ሆነ።

እናቴ በሁለተኛው ክረምት አረፈች። ዝናቡ ያን ዓመት መልካም ነበር፤ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ለቀብሯ አልደረስኩም።

ከትልቁ ድርቅ በኋላ ስለ አየር ጠባይ ሴሚናር ተዘጋጀና መምህራን አምቦ ተጠራን። መድረኩ ላይ ያለው እሱ ነው። ከፊቱ ሳፋ፣ ከአጠገቡ በጆግ የተቀዳ ሻይ ተቀምጧል። የመክፈቻው ንግግርና መፈክሩ ግን አላልቅ አለ። ተራው ደርሶ ሻዩን ሲያፈስ ከውሃው ጋር ተቀላቀለ፤ ሳፋው በሙሉ ቡናማ ሆነ። እፍ አለ። ደጋግሞ እፍ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ በዓይኑ እኔን ፈለገ።

ከጌዶ የመጣች መምህርት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አዴ፣ ምን ሆነበት?» አለችኝ።

«ሻዩ ቀዝቅዞበታል።»

«ንገሪው እንጂ!»

«ሂስ እንዳይሆንብኝ።»

ትኩስ ሻይ የያዘው ፔርሙስ ከኋላችን፣ የመስተንግዶው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ተነስቼ ለራሴ ቀዳሁና እያየሁት ጠጣሁ።