ማይክ አዟሪው

አጎቴ ዕድሜውን የፈጀው የሌላ ሰው ድምፅ ተሸክሞ ነው። በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ሲኖር ማይክ ይዞ በወንበሮቹ መሀል የሚዞረው እሱ ነበር። ሰብሳቢው በአገጩ ወደ ጠቆመው ሰው ይሄዳል፤ ያልጠቆመውን ያልፋል። "እኔ ምን አገባኝ፣ እኔ እግር ነኝ" ይል ነበር።

ስለ አዲሱ መንገድ በተጠራው ስብሰባ ላይ አንዲት የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ከኋላ እጇን አንሥታ ቆየች። ቆፋሪዎቹ ከቤቷ ጀርባ ያለውን የድንጋይ ግንብ ከሥሩ እየቦረቦሩት ነበር፤ ልትናገር የመጣችው ይህንኑ ነው። ሰብሳቢው ግን "ይቺ ነገር ታበዛለች" ብሎ አገጩን ወደ ሌላ አዞረ። አጎቴ በአጠገቧ ሲያልፍ "ወንድሜ፣ እዚህም" ብላ የኮቱን ጫፍ ያዘችው። ቀስ አድርጎ አስለቀቃት። ክረምት ሲገባ ግንቡ ተናደ፤ ልብስ ሰፊዋም ከነስፌት መኪናዋ ከሥሩ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ ሰው አልሆነም። እየበላ ድንገት የኮቱን ጫፍ ይዳስሳል። ኮቱን ደበቅንበት፤ በሸሚዝም ያው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሰብሳቢው ነው፤ እሱማ እንቅልፉን ይለጥጣል፣ ጭራሽ ወፍሯል። የሟቿ ልጅ ጎረቤታችን ናት። አጎቴ ይቅርታ ሊጠይቃት ይነሣና በሯ ላይ ደርሶ ይመለሳል። "ምን ብዬ? ያደረግሁት ነገር እኮ የለም" ይላል።

በቀደም አንድ ምሁር ለሹማምንቱ ሥልጠና ሊሰጡ መጡ። እኔ የአዳራሹ ጽዳት ነኝና በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ሰሌዳው ላይ ክብ ክብ እየሠሩ መንግሥት፣ ነጋዴ፣ ማኅበራት፣ ነዋሪ ብለው ጻፉ። "ተዋንያን የምንላቸው እነዚህ ናቸው፤ በማድረጋቸውም ሆነ በመተዋቸው ውሳኔን የሚለውጡ" አሉ። ጥያቄ ያለው ሲሉ፣ እንደ ወትሮው ሊያዞር የቆመው አጎቴ ማይኩን ወደ ገዛ አፉ አስጠጋ። ድምፁ ሲያስተጋባ ራሱ ደነገጠ።

"ይቅርታ ጌታዬ፣ ማይክ የሚያዞረውስ የትኛው ክብ ውስጥ ነው?"

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ምሁሩም በደግነት ፈገግ አሉ። "አይዞዎት አባቴ፣ እርስዎ የሉበትም።"

ወደ ቤት ስንሄድ እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። "ሰማህ አይደል ጋሼ? የተማረ ሰው ነው ያለው። የለህበትም! በቃ፣ ተወው።"

የልጅቱ በር ጋ ስንደርስ ቆመ። እንባው መጣ።

"ጥፋተኛ ነህ ቢሉኝ ኖሮ ዛሬ አንኳኳ ነበር" አለ። "የለህበትም የተባለን ሰው ማን ይቅር ይለዋል?"