የታንኳው ፊት የዙልሚራ ነው

በጃፑራ ወንዝ ዳር ባለው ሐይቃችን አየር ለመሳብ ከውሃ ብቅ የሚለውን ግዙፍ ዓሣ፣ ፒራሩኩን፣ የሚወጋ ሰው ከታንኳው ፊት ይቀመጣል። ያ ቦታ የዙልሚራ ነው። እንዴት እንዳገኘችው አይቻለሁ፤ መሃል ሆኜ ስቀዝፍ ነበር።

ባሏ ኦሲያስ ትከሻው ተሰብሮ ቦታው ባዶ ቀረ። ዙልሚራ ጦሩን ከግድግዳው አወረደች። አማቷ ጋሽ ቤንቪንዶ ጮኹ።

«ሴት የነካችው ጦር ፓኔማ ይሆናል!»

ፓኔማ የያዘውን ሰው ዓሣ ይሸሸዋል። በወንዛችን ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

«ይሄን ጦር ስንት ዓመት የምስለው እኔ አይደለሁም እንዴ አባባ? ያኔ ፓኔማው የት ሄዶ ነበር?»

ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌው እያጉረመረሙ እሺ አሉ፤ የዓሣ ማጥመጃው ወቅት በሚዘጋበት ቀን አንዴ ትሞክር፣ ባዶ ከተመለሰች ግን ጦሩ ለባሏ አጎት ልጅ ለጄኔዚዮ ይሰጥ።

ፒራሩኩ የሚራባው ውሃው ሲሞላ ነው፤ ያን ዓመት ውሃው ቀድሞ መሙላት ጀምሮ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ አንድም ዓሣ ብቅ አላለም። «አላልኩም?» ይላሉ ሽማግሌው ከኋላ እየቀዘፉ። እሷ ቆማ ውሃውን ታያለች።

ከቀትር በኋላ፣ ከተንሳፋፊው ሣር ጫፍ፣ ሰው የሚያክል ፒራሩኩ አየር ሊስብ ወጣ። ክንዷን አነሣች።

«ወርውሪ!» አሉ ሽማግሌው።

አልወረወረችም። ዓሣው ቀይ ጭራውን አሳይቶ ሰመጠ።

«ፈሪ!» ጋሽ ቤንቪንዶ ታንኳውን በመቅዘፊያ ደበደቡ። «አፍንጫሽ ሥር መጥቶልሽ!»

«ጭንቅላቱ ጠቁሯል አባባ። ልጆች አሉት።»

«ገና በዚህ ወቅት? ቀልጂ!»

መቅዘፊያችንን አንሥተን ጠበቅን። ዓሣው ተመልሶ ወጣ። በጭንቅላቱ ዙሪያ ውሃው ካፊያ እንደመታው ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ፤ ጣት የማያክሉ ጫጩቶች ከአባታቸው ጋር አየር ይጎርሳሉ። እሱ ቢሞት እስኪመሽ ፒራኛ የሚባለው ጥርሳም ዓሣ ይጨርሳቸዋል። ይህን የማያውቅ ሰው መንደራችን ውስጥ የለም። ጋሽ ቤንቪንዶም ያውቃሉ፤ ጫጩት ግን ገና አልጠበቁም፣ ስላልጠበቁም አላዩም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ዓሣ አልወጣም። ጄኔዚዮ ወደቡ ላይ ቆሞ ጠበቀን።

«ባዶ! በይ ጦሬን ወዲህ በይ፣ እመቤት ፓኔማ!»

ዙልሚራ ቃሏን አታጥፍም። ጦሩን ዘረጋችለት።

«እጅህን ሰብስብ» አሉ ጋሽ ቤንቪንዶ።

«ቃል ነበር እኮ ጋሼ!»

«ቃሉ የኔ ነው፣ አፍርሼዋለሁ። እኔ ብሆን ወግቼው ነበር። አንተም ትወጋው ነበር። ከዚያ ልጆችህ ምን ሊበሉ?»

ወደ እሷ ዞሩ። «በሚመጣው ወቅት ፊት ትቀመጫለሽ። ቀዛፊ ግን ቀይሪ» አሉ እኔን እያሳዩ፤ «ይሄኛው ያንቀላፋል።»

ያን ማታ የበላነው የካሳቫ ዱቄት በሙዝ ነው። ከሁላችንም ቀጥ ብላ የተቀመጠችው እሷ ነበረች።