ተከዜን በስልቻ

ሰኞ፣ ጎንደር። ጎህ ሳይቀድ ቀሐ ወንዝ ዳር ካለው ቤቴ ወጥቼ፣ ከነፍስ አባታችን ከመምሬ አድማሱ ጋር የጭነት ማኪና ላይ በስኳር ጆንያ መካከል ተቀምጫለሁ። ከተከዜ ማዶ ሚስት አግብቶ የቀረው ወንድሜ ካሳ በጠና ታሟል። የሚስቱ ወንድም ደሴ በመንገደኛ ልኮብናል፦ «ሳይናዘዝ እንዳያልፍ መምሬን አምጣልን።»

ወገራ ላይ ጭቃው ማኪናችንን ያዘው። «ጎማዬስ ሸጋ ነው፤ የታመመው መንገዱ ነው» አለ ሹፌሩ እየሳቀ። የታመመ የሚል ቃል መስማት አልፈልግም።

ማክሰኞ፣ ከደባርቅ ቁልቁል። ከዚህ ወዲያ በበቅሎ ነው። መንገዱ ቀጭን፣ ገደሉ ጭጋግ ብቻ። መምሬ ዳዊት ይደግማሉ።

«ምነው ዝም አልህ?» አሉኝ።

«ፈራሁ፣ መምሬ።»

«እኔም» አሉና ዳዊታቸውን ቀጠሉ። የነፍስ አባት ሲፈራ ማየት የባሰ ያስፈራል።

ዓርብ፣ ተከዜ። ወንዙ ደፍርሶ ግንድ ያንከባልላል። ታንኳ ሲሉኝ የጣናው ዓይነት መስሎኝ ነበር፤ ይህ ግን በተነፉ የፍየል ስልቻዎች ላይ የታሰረ እንጨት ነው። ዋናተኞች እየገፉ ያሻግሩታል።

«አዞ አለ» አለን አለቃቸው አያ ብሬ። «መሀል ስንደርስ ጩኹ። ማዶ ያለውም ሰው ይጮህላችኋል። አዞ ጩኸት ይፈራል።»

መሀል ላይ አንዱ ስልቻ መተንፈስ ጀመረ። ታንኳው ዘመመ፤ ውሃው የመምሬን ወገብ ያዘ። እኔ እንጨቱን ሙጭጭ አልሁ።

«ጩህ እንጂ!» አለኝ አያ ብሬ፣ እየዋኘ ስልቻውን በአፉ ሊነፋ ሲታገል።

ጮህሁ። የወጣኝ የወንድሜ ስም ነው። ከማዶም ጩኸት መለሰልን። ለአዞው ይሁን ለልቅሶ፣ ከዚያ ርቀት አይለይም። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

እንደምንም ማዶ ደረስን፤ ደሴ ዳር ላይ ተቀብሎ ሳመኝ። ፊቱ ላይ እንባ ፈለግሁ፤ የለም።

«ካሳስ?»

«ደኅና ነው። መጀመሪያ እህል ቅመሱ።»

አነጋገሩ አላማረኝም። በእኛ አገር መርዶ ያለው ሰው መንገደኛን ሳያበላ አይናገርም።

መምሬ እርጥብ ቀሚሳቸውን እየጨመቁ መስቀላቸውን ከጉያቸው አወጡ። «እህሉ ይቆየን፣ ልጄ። መጀመሪያ ወደ በሽተኛው ውሰደኝ።»

ደሴ ዓይኑን ከአሸዋው ላይ አላነሳም።

«ይረፉ እንጂ፣ መምሬ። ከእንግዲህ ምን ያስቸኩለዎታል?»

መምሬ መስቀሉን መልሰው ጉያቸው ከተቱት።