ንፍሮ ለሰቃ

አጎቴ ካረፉ ዛሬ አርባቸው ነው። ደግ ነበሩ የሚል ሁሉ አያውቃቸውም፤ በኳስ ጨካኝ ነበሩ።

በደርግ ጊዜ የጅማው ቡድናችን የጎረቤት ከተማውን የሰቃን ቡድን ሁለት ለባዶ በረታ ማግስት ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ በመሐረብ ቋጥረው፣ በቡና መኪና ሰቃ ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው። የሰቃ ቡድን ቀንደኛ ደጋፊ የነበረው ልብስ ሰፊ ቤት ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«እግዜር ያጥናህ። ሁለት በአንድ ቀን መቅበር ከባድ ነው። ያ በረኛችሁስ፣ ዓይኑ በራለት?»

«ውጣ ከቤቴ!» አለ ልብስ ሰፊው፤ ንፍሮውን ግን እየዘገነ ነበር።

ሰቃን ባሸነፍን ቁጥር እንዲሁ ያደርጉ ነበር። የዛሬ ደጋፊ ጡሩምባውን ነፍቶ ይተኛል፤ መናቅ እንኳ አይችልበትም።

ልብስ ሰፊው አርጅቶ፣ በከዘራ እየተደገፈ ለአጎቴ ለቅሶ መጣ። አልቀለደም።

«ከእንግዲህ ስንሸነፍ ማን ይመጣልኛል?» አለኝ።

«እኔ አለሁ» አልኩት። ያለ አስተማሪ ሦስት ቋንቋ ማንበብ የቻልኩ ሰው ንፍሮ መቋጠር አያቅተኝም።

ከእግር እስከ ራስ አየኝ።

«አንተ የምትመጣ ከሆነስ ማሸነፍ ይሻለናል» አለ።