ሁለት እጅ ለወይዘሮ ኦና

ባለፈው ሳምንት ሳን ሆዜ የልጄን ኮት ላሳጥር የገባሁበት ልብስ ሰፊ ቤት እርጥብ ሱፍ ሲተኮስ ይሸት ነበር። ሽታው ወይዘሮ ኦናን አመጣብኝ። ስንወጣ መንገዱን ልናቋርጥ የልጄን እጅ ያዝኩ። «ማም፣ ስቶፕ! አይም ትዌልቭ!» ብላ እጇን መነጨቀችኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ተዪኝ ማለቷ ነው። ማዶ እስክንደርስ ልቤ አልተመለሰም።

ወይዘሮ ኦና በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል የሚባል ሰፈር፣ ከእኛ በታች የሚኖሩ የሊትዌኒያ ሴት ነበሩ። ልብስ ይሰፋሉ። እናቴ ሆቴል ስታጸዳ እኔን የሚጠብቁኝ እሳቸው ነበሩ። በቋንቋቸው እጅ «ራንካ» ነው። እንዲሁ ሲጠሩት መጨረሻው አጭር ነው፤ «እጅሽን ስጪኝ» ሲሉ ግን ይረዝማል፤ «ራንካኣ!» በየመሻገሪያው እሰማው ነበር።

አንድ ቀን ከወይዘሮ ኦና ጋር የእናቴን ጃኬት በከረጢት ይዘን፣ ለጎደለው ቁልፉ የሚመሳሰል ልንገዛለት ሄድን። ሌላ ጃኬት የላትም፤ በማግስቱ ሳንታ ክላራ የሥራ ኢንተርቪው አላት። ስንመለስ ወይዘሮ ኦና ቀድመውኝ ከአውቶቡሱ ወረዱና «ራንካኣ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። እናቴ ለትልቅ ሰው በሁለት እጅ ነው የሚሰጠው ብላ አሳድጋኛለች። ከረጢቱን ወንበር ላይ አስቀምጬ ሁለቱንም እጆቼን ሰጠኋቸውና ወረድኩ። ከኋላዬ በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ከነጃኬቱ ሄደ።

አልተቆጡኝም። እንደያዙኝ እጆቼን አይተው «ራንኪ» አሉ። በመንደራቸው የድሮ ሰዎች ልክ ሁለት ለሆነ ነገር የራሱ የቃል መጨረሻ ነበራቸው፤ «ራንኪ» ሁለት እጅ ማለት ነው።

ቤት እንደገባን እሑድ እሑድ የሚለብሱትን ግራጫ ካፖርት አውጥተው በመቀስ ይተረትሩት ጀመር። የቁልፎቹን ቆርቆሮ ስጪኝ ሲሉኝ አምልጦኝ ወለሉ ላይ በተንኩት። «ሪንክ!» አሉኝ፤ ልቀሚ ማለታቸው ነው። ተንበርክኬ ስለቅም፣ ራንካም የመጣው ከዚሁ ከመልቀም ነው፣ እጅ ማለት ሰብሳቢ ነው አሉኝ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። እኔ የማስበው የእናቴን ኮቴ ነበር።

መጣች። «ሰኒ፣ ጃኬቴስ?»

ወደ ወይዘሮ ኦና ዞርኩ።

«አውቶቡስ ወሰደው» አሉ ወይዘሮ ኦና። «አስቀያሚ ነበር። ሳያየው ነው የወሰደው።» የሰፉትን አዲስ ጃኬት ዘረጉላት።

እናቴ ካፖርቱን አወቀችው። «እርስዎስ ምን ሊለብሱ ነው?»

«እኔን ማን ያየኛል? ያዢ!»

እናቴ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች።

ሥራውን አገኘች። ወይዘሮ ኦና ያን ክረምት በሹራብ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ጃኬቱ ዛሬ በእኔ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ ብል እንዳይበላው በየጊዜው አየዋለሁ። ልጄ ከቤት ስትወጣ አፌ ሳላዘው «ራንካኣ» ይላል። ዓይኗን ታጉረጠርጣለች። አንዳንድ ቀን ግን፣ ሰው ካላያት፣ እጇን ትሰጠኛለች።